በእንጀራ ቤት የተራበ ልጅ

የሩትን መጽሐፍ ስናነብ አብዛኞቻችን ወደ ቃርሚያውና ወደ ዐውድማው እንቸኩላለን። ቦዔዝ ደግ ሰው ነው፣ ሩት ታማኝ ናት፣ መጨረሻውም ሰርግ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቁጥሮች ግን ዘለን እናልፋለን። ታሪኩ የሚጀምረው በራብ ነው። አቤሜሌክ የሚባል ሰው ሚስቱንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን ይዞ ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ ተሰደደ። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው። ሰዎቹ የራባቸው በእንጀራ ቤት ነው ማለት ነው። የልጆቹን ስም መሐሎንና ኬሌዎንን ብዙ ተርጓሚዎች ከሕመምና ከመመንመን ጋር ያያይዙታል። ሁለቱም በወጣትነታቸው ሞቱ።

በእኛም አገር ቤተ ልሔም አለች። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት። ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ የመጣችሁ ስሟን ሳትሰሙ አልቀራችሁም፤ የድጓ ምስክር የሚሰጥባት ናትና። ዝማሬ መዋሥዕት የሚማር ወደ ዙር አምባ ይሄዳል፣ ድጓ የሚያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ልጆች ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ ይዘው ለብዙ ትውልድ ወደዚያ ተጉዘዋል። የሚበሉት ከደጅ ደጅ ለምነው ያገኙትን ቁራሽ ነበር። ገና በሰባትና በስምንት ዓመቱ ከእናቱ ተለይቶ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ የደረቀ እንጀራ ለቅሞ ዜማ ያጠና ልጅ በዚያ አገር ብርቅ አይደለም። እኛ ወንጌላውያን ከዚያ ትምህርት ጋር ብዙ የምንለያይበት ነገር ቢኖርም ያንን ልጅና በሩን ከፍታ ቁራሽ የሰጠችውን እናት ማክበር ይገባናል። እርሷም ብዙ ጊዜ ከተረፋት አልነበረም የሰጠችው።

ምክንያቱም አገሩ ጥብቅ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከሚነሣው ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ በሽሎ ሸለቆ ድረስ ምድሩ ይወርዳል። ላይኛው ደጋ ገብስ፣ ስንዴና ድንች ያበቅላል፤ ቆላው ማሽላና ጤፍ። ቁልቁለቱ አፈሩን ለዘመናት ሲያስረክብ ኖሯል። በረዶ አንድ ከሰዓት በኋላ የዓመቱን እህል ይዞት ሊሄድ ይችላል። (ድንቹ ራሱ እንግዳ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ እንደሆነ ይነገራል፣ እ.ኤ.አ. በ1858። ገበሬው ለረጅም ጊዜ ችላ ብሎት ቆይቶ የተቀበለው በክፉ ቀን ራብ ነው ይባላል። ራብ ያስተማረው ምግብ ነው።)

በዚህ አገር መንገድ ላይ የሆነ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይወጣም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ኮረብታ አለች። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከስዊዘርላንድ ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎች ይኖሩባት ነበር፤ ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ቤንደርና ሌሎችም። የመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ሊያድሉ፣ ልጆች ሊያስተምሩ ነበር። ንጉሡ ግን መድፍ ፈለጉ። ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በጋፋት ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው መድፉን በጋይንት በኩል፣ በጨጨሆ አድርገው ወደ መቅደላ ጎተቱት። ጉዞው ወደ ስድስት ወር ፈጀ። ለመድፉ መንገድ ተጠረገ፣ ገደል ተናደ፣ አለት ተፈለጠ። ሠራዊቱ፣ እስረኛው፣ ሚሲዮናውያኑ ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው፣ ሁሉም በመድፉ እርምጃ ሄደ። የሚበላው ደግሞ በመንገዱ ዳር ካለው ገበሬ ጎተራ ነበር።

በዘፍጥረት 33 ያዕቆብ ከዔሳው ጋር ሲገናኝ ወንድሙ «አብረን እንጓዝ» የሚል ግብዣ ያቀርብለታል። ያዕቆብ በትሕትና እምቢ ይላል። ልጆቹ ገና ለጋ ናቸው፤ የሚያጠቡ በጎችና ላሞችም አሉት፤ አንድ ቀን እንኳ በግድ ቢነዱ መንጋው ሁሉ ያልቃል። ስለዚህ በልጆቹ እርምጃ ልክ ቀስ እያለ ሊመጣ ወሰነ። በጋይንት መንገድ አንድ ሕዝብ ለስድስት ወር ቀስ ብሎ ሄዶ ያውቃል፤ ቀስ ያለው ግን ለመድፍ ነው። ለልጆችና ለሚያጠቡ እናቶች ሲባል እርምጃን መቀነስ የሚለው ሐሳብ ወደዚያ አገር በሥርዓት የደረሰው ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የከብት በሽታው፣ ድርቁና አንበጣው የገጠመበት ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ። ከዚያ ወዲህ ትልልቁን ራብ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1977 ዓ.ም. ከጋይንትና ከአካባቢው የተፈናቀለው ሕዝብ ከተሰበሰበባቸው ስፍራዎች አንዱ በአጎራባቹ እብናት የነበረው የመጠለያ ካምፕ ነው። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተረጂዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከካምፑ እንዲወጡ ተደረገ፤ ጎጆዎቹ ተቃጠሉ። አራሶች፣ ሕፃናት፣ ተቅማጥ የያዛቸው ሁሉ በእግራቸው ወደ ወጡበት ተራራ ተመለሱ። በዓለም ዙሪያ ወቀሳ ተነሣ፤ መንግሥትም ነገሩ በስሕተት የተደረገ ነው አለ።

የራብ ታሪካችንን የምንነግረው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ነው፤ በካምፕ፣ በፎቶግራፍ፣ በሞት ቁጥር። ካሜራው ሲሄድ ራቡም የሄደ ይመስለናል። ግን ሌላ ራብ አለ። ድርቅ በሌለበት ዓመት፣ ጎተራው ውስጥ ገብስ እያለ፣ እናቲቱ እየሳቀች ቡና እያፈላች የሚኖር ራብ። በአማርኛ መቀንጨር እንለዋለን።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጤናማ ሴት ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላት በአማካይ 86 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ከ80 በታች ከሆነች እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ቀንጭራለች ይባላል። ስድስት ሴንቲ ሜትር የሁለት ጣት ቁመት አይሆንም። በዐይን አይታወቅም፤ በተለይ የጎረቤቱ ልጆች ሁሉ እንዲያው ከሆኑ። «የአባቱ ዘር ነው» እንላለን። «አጭር ግን ብርቱ» እንላለን። የማይታየው ግን አብሮ የቀረው ነው። አንጎል በጣም የሚያድገው በዚያው ጊዜ ነውና የጎደለው ምግብ ከቁመት ብቻ አይቀንስም፤ ከቋንቋ፣ ከትኩረት፣ ከትምህርት፣ በሽታን ከመቋቋም አቅምም ይወስዳል። ጊዜው ከፅንስ እስከ ሁለተኛው ዓመት ልደት ነው። ዘጠኙን ወርና ሁለቱን ዓመት ብትደምሩት 1,000 ቀን ገደማ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ምግብ ልጁን ያወፍረዋል እንጂ የጎደለውን ብዙም አይመልስም።

ሐኪሙ ሉቃስ ስለ ቤተ ልሔሙ ልጅ አስተዳደግ በሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ሲጽፍ ጥበቡንና ቁመቱን አንድ ላይ ይጠቅሳል። ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ፤ ሁልጊዜም በጥበቡና በሞገሱ ላይ ቆሜ ቁመቱን እንደ ማያያዣ ቃል አልፌዋለሁ። አሁን ሳስበው ጌታችን ሥጋ ለበሰ ስንል የማርያም ጡት፣ የዮሴፍ ቤት እንጀራና የሚለካ ቁመት ነበረው ማለታችን ነው።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 58ቱ ቀንጭረው ነበር። በ2005 51፣ በ2011 44፣ በ2016 38 ሆነ። ይህ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ እግዚአብሔርን ልናመሰግንበት ይገባል። በአማራ ክልል ግን በ2016ም ቁጥሩ 46 ነበር፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው። ክልሉ እህል አምራች ነው፤ ለአገሩ ጤፍና ስንዴ ይልካል። የእንጀራ ቤት ነው።

ለምን? እህል መኖሩና ልጅ መመገቡ አንድ አይደሉም። በዚያው የ2016 ጥናት ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ካሉ 100 ልጆች በዓይነትም በመጠንም በቂ የሚባለውን ያገኙት 7 ብቻ ነበሩ። ልጁ የሚጠጣው ከአንድ እህል የተሠራ ቀጭን አጥሚት ነው። ዕንቁላሉ ለገበያ ይሄዳል፤ በርበሬና ጨው ይገዛበታል። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ከጡት በፊት ቅቤ ማቅመስ በብዙ መንደር የቆየ ልማድ ነው፤ እንገሩ ደግሞ «ቆሻሻ ነው» ተብሎ የሚፈስበት ቤት አለ። እናቲቱ ራሷ ገና ልጅ ሆና ተድራለች፤ የአማራ ክልል የሴቶች የጋብቻ ዕድሜ በአገሪቱ ዝቅተኛው ነው። አካሏ ሳያልቅ የተሸከመችው ፅንስ ከእርሷ ጋር ይሻማል። ከዚያ ውኃው፣ ተቅማጡ፣ አንዱ ሳይጠነክር የሚከተለው ሌላው ፅንስ።

ጾምም አለ። እዚህ ላይ ጣታችንን ወደ ጎረቤት ብቻ እንዳንቀስር። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለን ልጅ እንዲጾም አታስገድድም። ችግሩ ያለው ድስቱ ጋ ነው፤ ቤቱ ሁሉ በሚጾምበት ወር ለአንድ ሕፃን ብሎ ዕንቁላል የሚጠብስ ወይም ወተት የሚያፈላ፣ ዕቃውን የሚያነካካ የለም። በእኛስ አጥቢያ? የሰባት ቀን ጾም ጸሎት ስናውጅ ነፍሰ ጡሯንና አራሷን «እናንተ ብሉ» ብሎ ከመድረክ የሚናገር መሪ ስንት ጊዜ አያችሁ? እኔ ራሴ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

የመፍትሔው ታሪክ ከምናስበው በላይ ረጅም ነው፤ ሁሉንም አልዘረዝርም። በ1945 ዓ.ም. ደምቢያን ያጠቃው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከገደለ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ላከ። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን ድጋፍ በአዲስ አበባ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። በዕድሜ ከፍ ያላችሁ ይህን ቤት በሥራው ታውቁታላችሁ። ከስንዴ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከሽምብራና ከወተት ዱቄት የተቀመመውን የልጆች ምግብ ያወጣው እርሱ ነው፤ ስሙም ፋፋ። ለእናት የሚነገር ቃል ነው፤ ልጇ ፋፍቶ ማየት የማትፈልግ የለችም። ግን ፋፋ በከረጢት የሚሸጥ ነበርና የከተማ ደመወዝተኛ እንጂ የስማዳ ገበሬ ሚስት በየሳምንቱ የምትገዛው አልነበረም። ትምህርቱ ግን ለእርሷም ይሠራል፤ እህሉን ከጥራጥሬ ጋር አዋሕዶ ገንፎውን ማወፈር በእጇ ነው።

እንዲህ ያለ ገንፎ ምን ያህል እንደሚሠራ ከሩቅ አገር አንድ ማስረጃ አለ። በጓቲማላ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በአንዳንድ መንደሮች ለሕፃናት ፕሮቲን ያለበት አቶሌ የተባለ አጥሚት ተሰጠ፤ በሌሎቹ ጣፋጭ መጠጥ ብቻ። ተመራማሪዎች ልጆቹን ሲያድጉ ተከታተሏቸው። በሁለት ዓመታቸው ውስጥ አጥሚቱን ያገኙት ወንዶች አድገው በሰዓት የሚያገኙት ደመወዝ ከሌሎቹ 46 በመቶ ይበልጥ ነበር። ያው አጥሚት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን አስቀመጠ። ጋይንትና ስማዳ ውስጥ ገደል ወጥተው ወርደው፣ ክትባት በማቀዝቀዣ ሣጥን ተሸክመው ከቤት ቤት የሄዱት እነዚህ የአገሩ ልጆች ናቸው። በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 67 ሆነ። በመካከሉ ያለው ልዩነት ውስጥ የእነርሱ እግር አለ።

አሁን ወደ ያዕቆብ ልመለስ። በጥር 1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ተጀመረ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ውስጥ ነበሩ። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ በቤት ውስጥ የመሥራት አቅም ያለው ሰው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ችግኝ ይተክላል፤ ስንዴ ወይም ብር ይቀበላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን በሥራው ላይ ድንጋይ ሳትሸከም እንድትቀበል ሕጉ ፈቀደ። በኋላ በተሻሻለው መመሪያ የእርግዝና ክትትል ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ነፃ ሆነች፤ በምትኩ ጤና ኬላ እንድትሄድና ትምህርት እንድትከታተል። ይህን መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ዘፍጥረት 33 ትዝ አለኝ። መመሪያው ላይ ቢጻፍም በተግባር የሚፈጽመው የቀበሌ ኮሚቴ ነው፤ «ገና አልታየባትም» ተብላ ድንጋይ የተሸከመች እናት መኖሯን ማንም የገጠር ሰው ይነግራችኋል።

በእነዚህ ወረዳዎች ሴፍቲኔቱን ለዓመታት ከመንግሥት ጋር ከሠሩት አንዱ ፉድ ፎር ዘ ሃንግሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ላሪ ዋርድ በተባለ አሜሪካዊ ወንጌላዊ የተመሠረተ ድርጅት ነው። ይኸው ድርጅት በሞዛምቢክ ያስፋፋው አንድ አሠራር ለእኛ ለአጥቢያዎች የተለየ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ1995 ወርልድ ሪሊፍ በተባለው የወንጌላውያን ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ፒተር ኤርንስት የተባለ ሐኪም በሞዛምቢክ ጋዛ ክፍለ ሀገር አንድ ችግር ገጠመው፤ ሠራተኞቹ ጥቂት፣ እናቶቹ ብዙ ሺህ። ከ10 እስከ 15 የሚሆኑ በጎ ፈቃደኛ እናቶችን በቡድን ሰበሰበ፤ ቡድኑ አንድ ትምህርት ይማራል፣ እያንዳንዷ ሄዳ ለ10 ወይም ለ15 ጎረቤቶቿ በቤታቸው ታሳያለች። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ትምህርት። በዘጸአት 18 ዮቶር ለሙሴ የሰጠውን ምክር አስታወሳችሁ? ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ኀምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ። የሕዋስ ቡድን ያላት አጥቢያ ይህ መዋቅር በእጇ ነው፤ እስካሁን የምናስተምርበት ግን ስለ ገንፎና ስለ እጅ መታጠብ አይደለም። በእኛ አገር የጤናው ዘርፍ አንድ ለአምስት ሲያደራጅ አንዳንዶቻችን የፖለቲካ ነገር ነው ብለን ራቅን። ጥርጣሬው ምክንያት ነበረው፤ ልጆቹ ግን ጠበቁ።

ለዚህ መራቃችን ሌላ ሰበብ እንሰጣለን፤ «የእኛ ሥራ ወንጌል ነው» እንላለን። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በዋና ጸሐፊዋ በቄስ ጉዲና ቱምሳ ዘመን ለውጭ አጋሮቿ ደብዳቤ ጻፈች። አጋሮቹ ገንዘቡን ለልማት ብቻ እየሰጡ ለስብከት ይነፍጉ ነበር፤ ደብዳቤው ሰውን ለሁለት አትክፈሉት፣ ሥጋውም ነፍሱም የአንድ ሰው ነው የሚል መልእክት ነበረው። ጉዲና ከመጋቢነት በፊት በነቀምቴ ሆስፒታል የሕክምና ረዳት ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው፤ ቁስል በእጃቸው አጥበዋል። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጠልፈው ተገደሉ። ደብዳቤውን ዛሬ የምንጠቅሰው ለስብከት ገንዘብ ስንጠይቅ ነው። ሌላኛው ግማሹ፣ ለእኛ የተጻፈው፣ ብዙም አይነበብም።

ሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣን ቃል ኪዳን አወጀ፤ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ መቀንጨርን ማስቀረት። ሥራው የተጀመረው በተከዜ ተፋሰስ፣ በአማራና በትግራይ ወረዳዎች ነው። ከዚያ ጦርነት መጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ደረሰ፤ ሴቶች ላይ የተፈጸመው በሰብአዊ መብት ዘገባ ተመዝግቧል፣ የሕክምና ተቋማትም ተዘርፈዋል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሌላው ግጭት። መንገድ ሲዘጋ ክትባቱ፣ የምጥ አምቡላንሱ፣ የሴፍቲኔት ብሩ አብሮ ይዘጋል። 1,000ው ቀን ግን አይቆምም፤ ተኩስ እስኪያባራ የሚጠብቅ አንጎል የለም።

የሩት መጽሐፍ ሲያልቅ ሕፃኑ በሩት እቅፍ አይደለም የሚታየው፤ አያትየዋ ኑኃሚን ተቀብላ ታቅፈዋለች፣ ሞግዚትም ትሆንለታለች። ከራብ የተመለሰች፣ ሁለት ልጆቿን የቀበረች ሴት ናት። ጎረቤቶቿ ሴቶች ናቸው ስሙን ያወጡለት፤ ኢዮቤድ። በጋይንትም ሕፃኑ መጀመሪያ ምን እንደሚቀምስ የምትወስነው አያቱ ናት፤ ቅቤውን የምታቀርበው፣ እንገሩን አፍስሱ ወይም አጥቡ የምትለው እርሷ ናት። በየአጥቢያችን የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡት እናቶች እነርሱው ናቸው።

የሰቆጣው ቀጠሮ 2030 ነው ብለናል። በዚያ ዓመት ሁለት ዓመት የሚሞላው ልጅ የሚወለደው በ2028 ነው፤ የሚፀነሰው ደግሞ ከዚያ ዘጠኝ ወር ቀድሞ። እናቱ ምናልባት አሁን ትምህርት ቤት ያለች፣ ወይም ሽማግሌ የተላከባት ልጅ ናት።